በረኪና የቀረለት መደብ

ለታናሽ እህቴ ለሚጢጢ፣

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ በስልክ የነገረችሽ ውሸት ነው፤ አላበድኩም። ጓሮ በሆዴ ተኝቼ አፈር ሳሸት ማየቷ ግን እውነት ነው። እሱን እደርስበታለሁ፤ ይልቅ አንቺ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ቲማቲሜ አበባ ሲይዝ እየጠወለገ እንደሞተ ታውቂያለሽ። ግንበኛው አማቼ «እማማ፣ ዘንድሮም ከደረቀ ሲሚንቶ አፍስሼ መኪና ላቁምበት» አለኝና ቃል ሰጠሁት። ቃሌን እንደማላጥፍ ስለሚያውቅ አሸዋውን ቀድሞ አስመጣ።

ለካ ጥፋቱ የእኔው ኖሯል። በሽታ ይገድላል ብዬ በየዓመቱ መደቡን እንደ ወጥ ቤት ወለል በበረኪና አጥብ ነበር። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ይህን ስትሰማ «አፈር እኮ ድስት አይደለም» ብላ እስኪያስለቅሳት ሳቀችብኝ። ሥር ውሃ መምጠጥ ብቻ ሳይሆን የራሱንም ፈሳሽ ወደ አፈሩ ያንጠባጥባል አለች፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እሱን ሊመገቡ ይሰበሰባሉ። ሽንኩርት አጠገቡ ሲበቅል የቲማቲሙ ሥር የሚያወጣው ፈሳሽ ይለወጥና የሚያጠወልገውን በሽታ የሚከላከሉለት ተሕዋስያን ይበዛሉ። እኔ ሌባውን ላባርር ብዬ ዘበኞቹን ስፈጅ ኖሬአለሁ።

በረኪናውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ፣ ብስባሽ ጨምሬ፣ በየቲማቲሙ ሥር ሽንኩርት ተከልኩ፤ በክር ለክቼ፣ አንድ ስንዝር እያራራቅሁ። አማቼ «ሰላጣውን እዚያው ሊሠሩት ነው?» ብሎ ቀለደ። አበባው በያዘ ሰሞን ግን አፈሩን ዝቅ ብዬ ባሸተው፣ ዝናብ የነካው ጫካ ሸተተኝ። ተነሺ ብትይኝም አልነሳም ነበር።

ሽንኩርት አልቆብኝ ያልተከልኩለት የዳሩ ረድፍ ጠወለገ። የቀረው ግን ቆመ፣ አፈራ፣ ቀላ። ሰኞ ዕለት አማቼ አንዱን በጥሶ ቆሞ በላ፤ ሁለተኛውንም ደገመ። ከዚያ አሸዋውን በጋሪ እየገፋ ከጓሮው ማውጣት ጀመረ። ልጄ በመስኮት እያየችው በሳቅ ፈረሰች።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ሻርፑን እንዳያወልቅ። ትልቋ ልጅሽን ሳሚልኝ። መንታዎቹንም እንዲሁ፣ ጥፍራቸው መጽዳቱን ካየሽ በኋላ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ውሃ አጠጣለሁ። ቀጥዬ ለልብስ ሰፊዋ አንድ ሳህን ቲማቲም እወስድላታለሁ፤ አፏ ሥራ ያግኝ። ከዚያ አማቼን አካፋ አስይዤ፣ መኪናውን ሊያቆምበት ካሰበው ቦታ ጎን ሌላ መደብ አስቆፍረዋለሁ።

እህትሽ
ከጓሮው ደጃፍ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ