ስልክ ነው ተብሎ ከልጄ ወገብ ስለተፈታው መሣሪያ

ለተከበሩ ታላቄ፣ ጎረቤቴና የልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ለአቶ ምናለ፤
ሞጣ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ጤና ምን ያህል ውድ እንደሆነ በቅርቡ በእርስዎ በኩል ስለተማርኩ ምኞቴ ከልብ ነው። ስሜ እንድሪስ ይባላል። ባለፈው ሳምንት በወላጆች ኮሚቴ ፊት የተናገሩትን ከሰማሁ በኋላ ራሴን እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ይሻላል ብዬ ነው። በአረፋ እርስዎ እኛ ቤት፣ በፋሲካ እኛ እርስዎ ቤት የምንውል፣ አጥር ብቻ የሚለየን ጨርቅ ነጋዴ ነኝ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ትዕግሥትዎ ነው። ልጄ ሀኒያ የስኳር ሕመም እንዳለባት፣ አክስቷ ከጅዳ የላከችላት የኢንሱሊን ፓምፕ ወገቧ ላይ ታስሮ በቀጭን ቱቦ መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እንደሚያደርግላት፣ ከተለያት ግን በሰዓታት ውስጥ ደሟ እንደሚመረዝ በመስከረም ቢሮዎ ድረስ ይዣት መጥቼ ሳስረዳዎ፣ ሻይ አስመጥተው እስከ መጨረሻው አዳምጠውኛል። ራሷንም ዳበስ አድርገው፣ «አታስብ እንድሪስ፤ እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስ የኔም ልጅ ናት» አሉኝ። እናቷ ዑሙሰልማ ይህን ስነግራት፣ ልጅቷ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሁለተኛው ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎ ነው። በፈተናው ጠዋት ስልክ ሲሰበሰብ ፈታኙ ፓምፑን አይቶ እርስዎን አስጠራ። ሀኒያ እንደነገረችን፣ እርስዎን ስታይ ደስ አላት፤ ነገሩን የሚያውቅላት ሰው መጣላት። እርስዎ ግን ከወረዳ የመጡት ተቆጣጣሪ አጠገብዎ ቆመው ስለነበር፣ ለእሳቸው ሁለት ቃል ከማስረዳት ይልቅ ልጅቷን «አውልቂና አስቀምጪ» ማለቱን መረጡ። እሷም የታላቅ ሰው ቃል አይመለስም ብለን ያሳደግናት ናትና ቱቦውን ነቅላ ሰጠችዎ። ፓምፑ ከስልኮቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ፤ እርስዎም እንግዳዎን ምሳ ጋበዙ። ሀኒያ የከሰዓቱን ፈተና ስትጀምር ያስመልሳት ያዘ። ሆስፒታል ስናደርሳት ስሟን ስንጠራት አትሰማንም ነበር። አላህ ይመስገን፣ ሐኪሞቹ ከሞት መለሷት።

ሦስተኛው ለኮሚቴው ስለሰጡት መልስ ነው። ኮሚቴው ሲጠይቅዎ፣ እኔ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ፣ «ቤተሰቡ ስለ መሣሪያው ነግሮን አያውቅም» አሉ። ድምፅዎ እንኳ አልተለወጠም። እኔ እኮ ሰው አለቃ ፊት ይደነግጣል፣ አንዲት ቃል ይቅርታ ከሰማሁ ይበቃኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። ስለታመነ ፈረስ የሚተረተውን አልተርትብዎትም፤ ፈረስ ከጣለ በኋላ «ማንም ተቀምጦብኝ አያውቅም» ብሎ አይክድምና።

ክብርዎ እንዳይጓደል ከእርስዎ ይልቅ የሚጨነቀው፣
ከአጥሩ ማዶ እንድሪስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው ፊት ያሉትን ለሀኒያ አልነገርናትም ነበር፤ ከሰፈር ልጆች ሰማች። አላለቀሰችም። «ጋሼ ምናለ ረስተው ነው፤ ሂድና አስታውሳቸው» ብላ ላከችኝ። ይኸው መጥቻለሁ።