ያለ ጉዳይ መንዳት

ሐምሌ ፲፬ ቀን፣ እንጅባራ

ልጄ አስካለ ዛሬ እጅግ አስቆጣችኝ። ደቀ መዛሙርቴን ካሰናበትሁ በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በዚህ ክረምት እንደ ልማዴ ጋቢዬን በወገቤ አደግድጌ በብስክሌቴ ወደ ዘንገና ሐይቅ አቅጣጫ ወጣሁ። ብርዱ ፊቴን ሲነካው ሰውነቴ ይፍታታል፤ ልቤም ደስ ይለዋል። ከዚህ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት አስቆመችኝ። «የኔታ፣ በዚህ ጭቃ ለሕሙማን ሊጸልዩ እንደሚዞሩ አስካለ ነግራናለች። የእኔም ባል ተኝቷል፤ ይግቡለት» አለችኝ።

ውሸቱ እንዳይጸናብኝ፣ «እኔስ የወጣሁት ለመናፈስ ነው» ብዬ እውነቱን ነገርኋት። እሷ ግን «ትሕትናዎ ነው እንጂ» ብላ ጉልበቴን ሳመች። ምን ይደረጋል? ገብቼ ጸለይሁለት።

ቤት ስደርስ አስካለን ጠየቅኋት። «ታዲያ ምን ልበል፣ አባባ? መምህሩ በስተርጅና በብስክሌት ይጫወታሉ ሲሉ አፈርሁ» አለች።

«በፈረስ ብወጣስ?»

«በፈረስማ ማን ይጠይቅዎታል። ያምርብዎታል።»

ፈረስ ያስከብራል፣ ብስክሌት ያዋርዳል የሚለው በየትኛው መጽሐፍ ተጻፈ? እግዚአብሔር በሰጠኝ ንጹሕ ደስታ ላይስ ውሸት ለምን ይታከልበታል?

ሴትዮዋ ነገም እንድመለስ ለምናኛለች። በሽተኛው በእርግጥ ደክሟልና መሄዴ አይቀርም። ይህን ስነግራት አስካለ ሳቀች።

«ይኸው ጉዳይ ተገኘልዎት» አለችኝ።

ጉዳይ ፈልጊልኝ ያላት ማን ነው?