በአባባ ራስ ውስጥ የተገኘው

ለውድ እህቴ ለማክቫላ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? የጣሊያኗ የባሪ ከተማ ብርድ ከኛው ይሻላል ወይስ የባሕሩ ነፋስ አጥንትሽ ውስጥ ገባ? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ አሁንም በሟች እናታቸው ስም ይጠሩሻል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ደኅና የምልሽ እንደ በፊቱ ላጽናናሽ ብዬ ሳይሆን የእውነቴን ነው። በስልክ የነገርኩሽ ጊዜ ሁለታችንም እያለቀስን ግማሹን አልተደማመጥንምና ከመነሻው ልጻፍልሽ።

አባባ ከወይን ለቀማው ወዲህ ሌላ ሰው መሆናቸውን ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ማንኪያውን «ያ ነገር»፣ በሩን «ያ ነገር» ማለት ጀመሩ። ቀጥለው ግራ እግራቸውን መጎተት፣ ምሳ በልተው ሲያበቁ ምሳ መጠየቅ መጣ። አንድ ቀን ደጅ ላይ ቆመው «ማክቫላ እስካሁን ከትምህርት ቤት አልመጣችም?» ሲሉኝ ጓዳ ገብቼ አፌን በፎጣ አፍኜ አለቀስኩ። አንቺም ሥራሽን ጥለሽ ልትመጪ የተነሣሽው ያን ጊዜ ነው።

የሁላችንም ልብ የሄደው ወደ አባባ የድሮ ጓደኛ ወደ ኦታር ነበር። ሁለቱ በጉብዝናቸው ራግቢ ሲጫወቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚገፉ፣ ራሳቸውን ስተው ወድቀው ውሃ ተደፍቶባቸው ወደ ጨዋታው የሚመለሱ ነበሩ። ዛሬ ኦታር የገዛ ሚስቱን ናቴላን «አንቺ ሴትዮ፣ ቤት የለሽም?» ይላታል። ለእማዬ ወሬውን ያመጣችላትም ናቴላ ናት። ወጣት እያሉ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሰዎች ሲያረጁ የመርሳት በሽታ ምን ያህል እንደሚያሰጋቸው የሚያጠኑ ሐኪሞች ከዋና ከተማው ከትብሊሲ መጥተው የድሮ ተጫዋቾችን ይፈልጉ ነበር።

አባባ አሻፈረኝ አሉ። «ጭንቅላቴ ሐብሐብ ነው እንዴ፣ እያንኳኩ በስሏል አልበሰለም የሚሉት?»

እማዬ ደግሞ «ባዶ መሆኑን አይተው ይመልሱልኛል፤ ተነሥ!» ብላ ካፖርታቸውን አለበሰቻቸው።

ኩታይሲ ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ሩሱዳን የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። ጠይቃቸው ጠይቃቸው፣ አስጽፋቸው፣ አስኪዳቸው፣ በመጨረሻ ጭንቅላታቸውን በትልቁ ማሽን ፎቶ አስነሣች። ከዚያ ራሷ ወጥታ ወደኛ መጣች።

«በሽታው ነው?» አልኳት።

«እሱን ኋላ እናያለን። አባት፣ ሰሞኑን ወድቀዋል?»

«በፍጹም!» አሉ አባባ፤ ዓይናቸው ግን ወደ እማዬ ሸሸ።

«ጉራም!» አለች እማዬ በስማቸው ጠርታ።

«በወይን ለቀማው ሰሞን ከፖሙ ዛፍ ላይ ትንሽ ተንሸራተትኩ። እሱ ደግሞ መውደቅ ይባላል?»

«ከየትኛው ቅርንጫፍ?» አለች እማዬ።

«ከ… ላይኛው።»

ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደም ጠብ እያለ በራስ ቅላቸውና በአንጎላቸው መካከል ተጠራቅሞ ተጭኗቸው ኖሯል። ዶክተሯ እጄን ይዛ «ይህ የሚወጣ ነገር ነው» አለችኝ። እትዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ቃል ሰምቼ አላውቅም። እማዬ አባባን በአንድ እጇ እየደበደበች በሌላው አቀፈቻቸው።

ሐኪሞቹ የራስ ቅላቸውን በትንሹ በስተው ደሙን አፈሰሱት። ስንገባ አባባ ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝተዋል። ዓይናቸውን ገልጠው ባሌን ዛዛን ትኩር ብለው አዩትና «አንተ ሰነፍ፣ የወይኑን ጋን ከድነኸዋል ወይስ ኮምጣጤ ልታጠጣኝ ነው?» አሉት። ዛዛ ተሰድቦ በደስታ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተሯ ግን አልደበቀችንም። የድሮው ምት ስጋቱን ከሌላው ሰው ከፍ ያደርገዋል፤ ቢሆንም የተመታ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም አለች። ስጋቱን ይቀንሳል ብላ ሲጋራውን አስጣለቻቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ሰጠቻቸው፣ ለደከመው ጆሯቸው ማዳመጫ አዘዘችላቸው። ዛፍ መውጣት ክልክል ነው። አባባም በየዓመቱ እየሄዱ ለጥናቱ ሊታዩ ቃል ገብተዋል፤ «ስሞትም አንጎሌን ውሰዱት» ብለዋቸዋል። እማዬ «አሁኑኑ ብትሰጣቸውስ፣ መች ትጠቀምበታለህ?» አለቻቸው።

የኦታርን ጭንቅላትም አይተውታል። የሚወጣ ነገር አልተገኘም። ናቴላ ይህን ስትሰማ ለአባባ እንኳን ደስ አለህ ብላ ፊቷን አዞረች። አሁን አባባ ከሰዓት በኋላ እየሄዱ ኦታርን ክንዱን ይዘው በወንዙ ዳር ያንሸራሽሩታል። ስማቸውን አያውቀውም፤ እጃቸውን ግን አይለቅም።

ስለዚህ ሥራሽን አትልቀቂ። በበጋ ነይ፤ ለማስታመም ሳይሆን ለመጣላት ነይ፣ አባባ የሚከራከራቸው አጥተው ጎረቤቱን ሁሉ ፈጅተዋል።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፣ ካልሲም እየሠራችልሽ ነው። ዛዛ በጣሙን ሰላም ይልሻል። ናቴላም አትርሺኝ ብላለች። አባባ ደግሞ «ማክቫላ በመጋቢት ልደቷ ነው፤ ያን ቀን ራሴ እደውልላታለሁ፣ ማንም እንዳያስታውሰኝ» ብለዋል።

ታናሽ እህትሽ
ከቫኒ ከተማ፣ ታኅሣሥ ወር