ኮኪት ያለው ሱቄ ጎንደር ስለ ተገኘበት ሁኔታ

ለተከበሩ አቶ ወንድማገኝ ቢያድግልኝ
የ«ቁንጮ ዲጂታል» የማማከርና የሥልጠና ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅና ዋና አሠልጣኝ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ዕረፍት ያስተማሩበት ጉሮሮዎስ ተሻለው? እኛ የኮኪት ሰዎች ሙቀቱ ትንሽ ስለ ራራልን፣ ሰሊጡም መታጨድ ስለ ጀመረ፣ ከተማችን ከደጋ በወረደ የቀን ሠራተኛና በጭነት መኪና ተጨናንቃ፣ እኛም በሥራ ተጠምደን ደኅና ነን።

እኔ የትናየት ዘሩ እባላለሁ። ባለፈው ሚያዝያ መተማ ዮሐንስ «በኢንተርኔት ፍለጋ ከሁሉ ፊት መውጣት» በሚል ርእስ በሰጡት ሥልጠና ላይ፣ ሁለተኛው ረድፍ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃልዎን በደብተር ስትገለብጥ የነበረችው ሴት ትዝ ትልዎት ይሆናል። ኮኪት ውስጥ የትራክተር መለዋወጫ የምሸጥበት ሱቅ፣ ከጎኑም መካኒኩ እንግዳው የሚሠራበት ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ዌብሳይትም ነበረኝ። አንድ ገጽ ብቻ ሆኖ የሱቁን ስም፣ ኮኪት መሆኑን፣ ስልኬንና የያዝኳቸውን ዕቃዎች የሚዘረዝር ነበር። እርስዎ ይህንኑ ገጽ በትልቁ ስክሪን ላይ ከፍተው «ይኼ ዌብሳይት ሳይሆን የበር ላይ ታፔላ ነው» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያም ከሁሉ ፊት እንደሚያወጡኝ ቃል ስለ ገቡልኝ የይለፍ ቃሌን በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁዎት። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ምስጋና ከፊሉ ለራሴ ሞኝነት የሚገባ መሆኑን አስቀድሜ አምናለሁ።

1. ስለ ቃላት ድግግሞሽ

ሰው የሚፈልገውን ቃል ደጋግሞ መጻፍ የፍለጋ ሁሉ ምሥጢር መሆኑን ባስተማሩን መሠረት፣ ገጼ እንዲህ የሚል መግቢያ አገኘ፦ «ትራክተር ለሚወድ የትራክተር ባለቤት የትራክተር መለዋወጫ ከትራክተር ቤታችን ለትራክተርዎ።» እንግዳው ጮክ ብሎ ካነበበው በኋላ የእጁን ግሪስ በጨርቅ እየጠረገ፣ «እቴ የትናየት፣ ይኼን የጻፈው ሰው ደኅና ነው? እንዲህ የሚንተባተብ እኮ የነዳጅ መስመሩ አየር የገባበት ሞተር ነው» አለኝ። በዚህም ሳይወሰኑ ሰው እንዳያየው ፍለጋው ግን እንዲያየው ብለው ያንኑ ቃል በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም ሁለት መቶ ጊዜ ጻፉልኝ። በሱቄ ዘመን የማይታይ ዕቃ ሸጬ ስለማላውቅ፣ ለዚህ አዲስ ልምድ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2. ስለ እንግዶቼ ብዛት

ሰው በብዛት የሚፈልገውን ነገር መጻፍ ይገባል ብለው፣ ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ የተጫዋቾች ዝውውርና ቦርጭን በሁለት ሳምንት ስለ ማጥፋት የሚናገሩ ጽሑፎች በመለዋወጫ ገጼ ላይ ስለ ለጠፉልኝ፣ በአንድ ወር ዘጠኝ ሺህ ሰው ጎበኘኝ። ከእነዚህ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ከብራዚል እንደ ነበሩ በላኩልኝ ባለ ቀለም ሪፖርት ተረድቻለሁ። ብራዚላውያኑ እስከ ዛሬ አንድም የማረሻ ዲስክ ሊወስዱ አልመጡም። አንዲት ሴት ግን ከሐዋሳ ደውላ ስለ ቦርጭ ስትጠይቅ፣ ስልኩን ያነሣው እንግዳው «እኅቴ፣ እኔ ጋ ያለው መድኃኒት የትራክተር ጎማ መፍታት ነው፤ ሁለት ሳምንት ብትሞክሪው ቦርጭ አይተርፍም» ብሎ በቅንነት መልሶላታል።

3. ስለ ምስክሮቼ

ጆናታን የሚባል የካናዳ ገበሬ፣ ኮኪት መጥቶ በሱቄ መስተንግዶ ስለ ረካ አምስት ኮከብ እንደ ሰጠኝ ከገጼ ላይ አነበብኩ። ጆናታንን አስተናግጄው ቢሆን ኖሮ አልረሳውም ነበር። እንግዳው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ውድ ዕቃ ሲመጣ «ይኼን ለጆናታን እናስቀምጥለት?» ይለኛልና፣ ጋራዡ ውስጥ ላመጡት ሳቅ እግዜር ይስጥልኝ።

4. ስለ ስልኬና ስለ አድራሻዬ

ይህን አራተኛውን እንደ ላይኞቹ አሳጥሬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ትንሽ ይታገሡኝ።

ስልክ ቁጥር ያየ ጎብኚ ደውሎ ስለሚሄድ በገጹ ላይ አይቆይም ብለው ቁጥሬን አነሡና በምትኩ ኢሜይል የሚሞላበት ቅጽ አስቀመጡ። ኮኪት ብሎ የሚፈልግ ጥቂት፣ ጎንደር ብሎ የሚፈልግ ብዙ ነው ብለውም በካርታው ላይ ሱቄን ከኮኪት ነቅለው ጎንደር ከተማ መሐል ተከሉት። ሁለቱንም ያደረጉት ሳይነግሩኝ ነው፤ ሊያስደንቁኝ ፈልገው ይሆናል። እኔም የሚመጣውን ሰው ሁሉ የክረምቱ ጭቃ አስቀረብኝ እያልኩ ስልኬ ዝም ማለቱን በዝናቡ አሳበብኩ።

የሰኔ መጨረሻ ነበር። ከገለጉ ወጣ ብሎ የሚያርሱት አቶ ደሴ፣ መሬታቸውን አለስልሰው ሰሊጥ ሊዘሩ ሲሉ የትራክተራቸው የውኃ ፓምፕ ተሰብሮ ቆመ። ቆላውን ለማያውቅ አንባቢ ልግለጽና፣ በዚያ ሰሞን ያለው ዕድል የጥቂት ቀናት ነው፤ ዝናቡ ከበረታ ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ጭቃ ሆኖ ትራክተር አያስገባም፣ ያልተዘራው መሬት ለዓመቱ ቀረ ማለት ነው። አቶ ደሴ ስልካቸውን አውጥተው መለዋወጫ ሲፈልጉ የእኔ ሱቅ ወጣላቸው። መቼም ከፊት አውጥተውኛል፣ ይህን አልክድም። የሚደውሉበት ቁጥር ቢያጡ ካርታውን አምነው፣ የተሰበረውን ፓምፕ በጆንያ ጠቅልለው፣ በጭቃው መንገድ በጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለው አስፋልት ደረሱ። ከዚያ ወደ ኮኪት ፊታቸውን ቢያዞሩ ምሳ ሳይደርስ እኔ ጋ በደረሱ ነበር። እርሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ጎንደር ተሳፈሩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በዚያ ባስቀመጡልኝ ቅጽ በኩል የመጀመሪያው የሰው መልእክት ደረሰኝ። «የሚመለከተው ሰው ካለ በአስቸኳይ ይደውልልኝ። ሳቢራ፣ ጎንደር» ይላል፤ ቁጥርም አለው። ደወልኩ።

«የትራክተር መለዋወጫ የምትሸጪው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎን፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ሱቅሽ እኔ ቤት ነው ተብሏል። እኔ የሙሽራ ቀሚስ ነው የማከራየው። አንድ አባት ጥቁር ብረት በጆንያ አቅፈው ነጭ ቀሚሶቼ መሐል ተቀምጠዋል። ውኃ ስሰጣቸው አመስግነው ጠጡና 'ባለቤቷ እስክትመጣ እጠብቃለሁ' አሉኝ። እንዳላባርራቸው አሳዘኑኝ፣ እንዳልተዋቸው ሙሽራ እየመጣች ነው።»

ስልኩን ለአቶ ደሴ ሰጠችልኝ። ፓምፑ ሱቄ ውስጥ፣ ከጀርባዬ ካለው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ስነግራቸው፣ ምንም ሳይቆጡ፣ «ኮኪት መሆንሽን ባውቅ እኮ ልጄ፣ በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ዓይናቸውን እንኳ ሳላየው አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ኮኪት ደረሱ። ፓምፑን ሰጥቶ ማሰናበቱ አልዋጥልኝ ስላለ፣ በማግስቱ እኔም እንግዳውም ሱቁን ዘግተን አብረናቸው ወደ ገለጉ ሄድን። መኪናችን ሁለት ቦታ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች፤ አንዱን ጊዜ አቶ ደሴ ሱሪያቸውን ሰብስበው ከእኛ እኩል ሲገፉ፣ በእርስዎ ሥልጠና ላይ «ደንበኛን ወደ ገጽ መሳብ» ያሉትን አሰብኩና ብቻዬን ሳቅሁ። ማሳቸው ስንደርስ እንግዳው መሬት ላይ ተጋድሞ ሠራ። ሞተሩ ሲነሣ አቶ ደሴ «ደኅና ሆነ» ለማለት በሱዳኖቹ አነጋገር «ተማም! ተማም!» እያሉ ኮፈኑን እንደ ፈረስ ጀርባ መታ መታ አደረጉት። ከአሥሩ ሄክታር ስምንቱን ዘሩ። ሁለቱ ላይ ግን ዝናቡ ቀደማቸው፤ መሬቱ ባዶውን ከረመ። እነዚያን ሁለት ሄክታሮች በሪፖርትዎ ላይ ከብራዚላውያኑ ቀጥሎ ባለው መስመር እንዲያሰፍሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከገለጉ እንደ ተመለስኩ እዚሁ ኮኪት ኮምፒውተር ወደሚያስተምሩት መምህርት አይናዲስ ሄጄ ገጼን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። በዚያን ጊዜ ገጼ ጭራሽ ከፍለጋው ጠፍቶ ነበር፤ የራሴን ስም ብጽፍ እንኳ አልወጣም። መምህርቷ በነጭ ቀለም የተጻፉትን ሁለት መቶ ትራክተሮች አግኝተው ካሳዩኝ በኋላ «እንዲህ የሚያታልል ገጽ ሲታወቅበት ከፍለጋው ይወርዳል» አሉኝ። ከዚያ ስለ ቃል ድግግሞሽ ሳይሆን ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ገበሬዎቹ ሲደውሉልሽ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ምን ብለው ነው የሚጠይቁሽ?»

እኔ ሳስብ አብሮኝ የመጣው እንግዳው ከበሩ ላይ ሆኖ ያወርደው ጀመር፦ «ትራክተሬ ውኃ እያፈላ ቆመ። ጭሱ ነጭ ሆነብኝ። ዲስኩ መሬት አልይዝ አለ። ጠዋት ጠዋት አልነሣ ይለኛል።» መምህርት አይናዲስ እየተቀበሉ ጻፉ። እያንዳንዱ ጥያቄ እንደ ተጠየቀ ርእስ ሆነ፤ ከሥሩም የእንግዳው መልስ፣ ግሪስ ከነካው የራሱ እጅ ፎቶ ጋር ገባ። ስልኬ ከላይ ተመለሰ። ሱቄም በካርታው ላይ ወደ ኮኪት ተመልሶ መጣ። እርስዎ የተከሉልኝ የሚንቀሳቀስ የትራክተር ቪዲዮ በገለጉ ደካማ ኔትወርክ ገጹን ስለሚያንቀው ወጣ። ጆናታንን ያሰናበትነው ግን እንግዳው ይቆይ ብሎ በጣም ከተለማመጠን በኋላ ነው።

ገጼ ቀስ እያለ በፍለጋው ላይ ተመልሶ ታየ። ሌሎች ገጾች ወደ እኔ እንዲጠቁሙ እርስዎ ከየትም ከየትም የሰበሰቡልኝን ሦስት መቶ ጥቆማዎች (ሊንኮች) መምህርቷ አንድ በአንድ አስነሡልኝ። ዛሬ ያለኝ ጥቆማ አንድ ነው፤ ሳቢራ በሙሽራ ቀሚስ ገጿ ግርጌ ላይ «የትራክተር ዕቃ የምትፈልጉ፣ እዚህ አይደለም፤ ኮኪት የትናየት ጋ ሂዱ» ብላ በራሷ ፈቃድ ጽፋልኛለች። ባለፈው ወር የጎበኙኝ ስልሳ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ አርባ አንዱ ደውለዋል። አንዷ ባየሽ የምትባል የኮኪት አካባቢ ገበሬ ስትሆን፣ የእንግዳውን መልስ አንብባ ትራክተሯን ራሷ እንዳስነሣችና ምንም መግዛት እንደማያስፈልጋት ልትነግረን ነበር የደወለችው። እንግዳው ያን ቀን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

ክቡርነትዎ፣ በኅዳር ሁለተኛ ዙር ሥልጠና ለመስጠት ወደ ቆላችን እንደሚመለሱ ሰምቻለሁና አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ፕሮጀክተሩን ከማብራትዎ በፊት ከሠልጣኞቹ አንዱን «ደንበኛህ ማነው? ሲቸግረውስ ምን ብሎ ይጠይቅሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም እስኪጨርስ ያድምጡት። ከዚያ በኋላ ስለ ብራዚል ቢያወሩ አልቃወምም።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለሰጡኝ የምስክር ወረቀትና ላላስተማሩኝ ነገር ሁሉ ጭምር ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከመለዋወጫ ሱቄ ጠረጴዛ ጀርባ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ታዛዥ ሠልጣኝዎ፣

የትናየት ዘሩ
ኮኪት (አሁንም ኮኪት)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሰው ሳይሰማ ለብቻዎ ልልክልዎ ነበር አሳቤ። አድራሻዎን ለማግኘት «ቁንጮ» ብዬ በፍለጋው ጻፍኩና እስከ አሥራ አንደኛው ገጽ ወረድኩ። ቁንጮ የሚባለውን የጤፍ ዘር አገኘሁ፤ ሦስት ፀጉር ቤቶችና አንድ የበርበሬ ወፍጮም አገኘሁ። እርስዎን ግን የትም ላገኝዎ ስላልቻልኩ፣ ደብዳቤው ግልጽ የሆነው በክፋት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ብቻ ነው፤ የሚያውቃቸው አንባቢ ካለ እባካችሁ አድርሱልኝ።