አንተ የላክኸው መረብ

ለውድ ወንድሜ ለመስዑድ፣ አሰብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የአሰብ ሙቀት በረደልህ ወይስ ዛሬም ደጅ ነው የምታድረው? የወደቡ ሸክም ወገብህን እንዳይጎዳው እሰጋለሁ። ባለቤትህና ሕፃኗስ ደኅና ናቸው? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በአካል ደኅና ነን። ቤታችን ግን ሰላም የለውም።

የናይሎን መረቡ የመጣ ጊዜ እንዴት እንደ መረቅንህ! በእሱ ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ፤ እኔም ዓሣ አድርቄ መሸጥ ጀመርሁ። ብዙም ሳይቆይ ባለሞተር ጀልባዎቹም ያንኑ ዓይነት መረብ እየያዙ መጡ። ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ተጥሎ ያደረ መረብ የሚያወጣው ጥቂት ደቃቅ ዓሣ ነው። ወንድማችን ቡርሀን በሰው ሞተር ጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ እስከ ደልጊ ይሄዳል፤ ይዞት የሚመለሰው የቤንዚኑን ዋጋ እንኳ አይሸፍንም። ከተማ ዓሣ ተወደደ ይላሉ፤ የምንሸጠው ከሌለን ምን ይረባናል? ደንበኛችን እናትዓለም እንኳ ዓሣውን ትታ እህል ንግድ ገባች።

ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ እንቁላሏን ልትጥል ወደ ጉማራ ወንዝ እንደምትወጣ፣ አባቶቻችንም ወንዙ እስኪጠራ የደንገል ታንኳቸውን አቁመው እያደረቁ እንደሚጠብቁ አትረሳም። ዘንድሮም አባባ ይህ ወግ እንዲከበር ባለሞተሮቹን ሳይቀር ዞረው ለመኑ። ሰው እሺ ማለት ሲጀምር የገዛ ልጃቸው ቡርሀን አንተ የላክኸውን መረብ ወንዙ አፍ ላይ ዘረጋው። ባለሞተሮቹም «መጀመሪያ ልጅዎን ይምከሩ» ብለው አባባን በሰው መካከል አዋረዷቸው። መረቡን ልቁረጠው ብላቸው፣ «የሰው ሐቅ ነው፤ የላከው መስዑድ ሳይፈቅድ አንዲት ክሩን እንዳትነኪ» አሉኝ። ፈቃድህን እንድጠይቅ ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝም እሳቸው ናቸው።

እስከዚህ አባባ ጻፊለት ያሉኝ ነው። የቀረው የእኔ ነው።

ትናንት ቡርሀን ያመጣውን ዓሣ ስሰነጥቅ እንቁላሉ በእጄ ላይ ፈሰሰ። ቀጣዩም እንደዚያው፣ ሌላውም እንደዚያው። የከርሞ ጉርሳችን መሆኑን እያወቅሁ ለውሾች ደፋሁት። ከዚያ ንዴቴን አልቻልሁም፤ በያዝሁት ቢላዋ መረቡን ከዳር እስከ ዳር ቆራረጥሁት። ያንተ ላብ እንደ ሆነ አልጠፋኝም፤ ይቅር በለኝ። ቁርጥራጩን በጆንያ አስሬ ከቦታው መልሼዋለሁ፤ አባባ መረቡ ደኅና ይመስላቸዋል። ቡርሀን አይቷል፤ ለአባባ ግን እስካሁን አልነገራቸውም።

ስለዚህ መልስህን ቶሎ ላክ። የማነብላቸው እኔ ነኝ። ፈቅጄአለሁ ካልህ እሰየው። አልፈቅድም ካልህም ያልኸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ የሚሉኝን እሰማለሁ።

እናታችን መዲና በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሃለች። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ሕፃኗን ሳምልኝ። ቡርሀን ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ እኔንም አያናግረኝም። አባባ አሁን ደጅ ተቀምጠው «እንዳልሁሽ ጻፍሽለት?» ይሉኛል። ጽፌለታለሁ አልኋቸው።

እህትህ ጦይባ

ከጉማራ አፍ፣ በባሕር ዳር ፖስታ ቤት በኩል
ነሐሴ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.