ከጠረጴዛዎ ያልወጣው ሊንክ

ለተከበሩ አቶ አፈወርቅ
የመምህራን ዝውውር ድረ ገጽ ዋና የሥራ ሂደት ባለቤት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ በተለይም ኮምፒውተርዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ በሞላሌ ከብርዱና ከእርስዎ መልእክቶች በቀር የነካን ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ እዚህ የአይሲቲ መምህር ስሆን ባለቤቴ መምህርት ጽናት ደግሞ ራቤል ከተማ ታስተምራለች። አራት ዓመት ተለያይተን ከኖርን በኋላ ዘንድሮ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ወደ ሞላሌ ዝውውር ተፈቀደላት፤ የቀራት በኢሜይል የተላከላትን ሊንክ በዐሥር ቀን ውስጥ ተጭና ማረጋገጥ ብቻ ነበር። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጽናት ተማሪዎቿን ለባልደረባዋ አደራ ብላ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ተሳፍራ ኢንተርኔት ቤት የከፈተችው ሊንክ «ሎካልሆስት» በሚል አድራሻ ስለሚጀምር አመሰግናለሁ። ይህ ቃል ለኮምፒውተር «እዚሁ አንተው ጋ ፈልግ» ማለት በመሆኑ፣ የመሐል ሜዳው ምስኪን ማሽን የእርስዎን ድረ ገጽ በገዛ ሆዱ ውስጥ ፈልጎ አጣው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ስደውልልዎ «እኛ ጋ ይሠራል» ብለው ስላጽናኑኝ፣ ቀጥሎም ሊንኩ ያልተከፈተለት መምህር ሁሉ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ እንዲጫነው የሚያዝ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ስላወጡ ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀት ይዞ ከመመላለስ ያድናችኋል የተባለው ድረ ገጽ ሰውን ያመላልስ ጀመር።

ሦስተኛ፣ ድረ ገጹ የተሠራበት ፍሬምወርክ የሚሉት የፕሮግራም ማዕቀፍ በሚያዘጋጀው ሊንክ ሁሉ የድረ ገጹን ሙሉ ስምና «ኤችቲቲፒኤስ» የሚባለውን የተጠበቀ መንገድ እንዲያስገባ አንድ ቦታ ላይ መጻፍ እንደሚበቃ በዝርዝር ብልክልዎ፣ ስሙን አስተካክለው «ኤችቲቲፒ»ን ያለ «ኤስ» ተዉት። ሰርቨርዎ ደግሞ ያለዚያች ፊደል የመጣን ሁሉ እንዳያስገባ የታዘዘ ነውና፣ ጽናት ዳግመኛ መሐል ሜዳ ሄዳ ብትጫነው፣ ራሱ የላከላትን ሊንክ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ከደጅ መለሳት። እንግዳ ጠርቶ በሩን የሚቀረቅር ቤት በመንዝ አላውቅም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ግን የተሟላ ሊንክ ላኩልን፤ ተከፈተም፤ «ጊዜው አልፏል» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ክቡር ሆይ፣ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሦስት ዓመት የሆናት ልጃችን መሲ በየወሩ ራቤል ስደርስ ወደ ጎረቤት ሮጣ «እንግዳው መጣ!» ትላለች። ከእርስዎ የተነሳ አንድ ዓመት ደግሞ እንግዳ ሆኜ እከርማለሁ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚሰማኝን ንቀት በትሕትና ለመጻፍ ብሞክርም አልሆነልኝም።

ምርጥ ፈጻሚ ተብለው የተሸለሙትን የምስክር ወረቀት ከሩቅ እየተሳለምኩ፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለእኛም ትዕግሥት እንዲሰጥልኝ የምለምን

ወዳጆ ፈለቀ
ከሞላሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ዋና ቅጂ በፖስታ ልኬልዎታለሁ፤ ፖስታው ላይ የጻፍኩት አድራሻ፣ በእርስዎ አሠራር መሠረት፣ «እዚሁ» የሚል ብቻ ነው። ካልደረሰዎ በዐሥር ቀን ውስጥ ሞላሌ ድረስ መጥተው ከጠረጴዛዬ ላይ ያንብቡት። እኛ ጋ ይነበባል።