የቀዩ ድንጋይ ተራ

ሰኞ፣ ኅዳር 4። ጠዋት 1 ሰዓት

ከድር ዛሬም ሻዩን አልነካም። ዳቦውን ኪሱ ከቶ ወጣ። ወንድሜ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ የጫማውን ክር የማስርለት ግን እኔ ነኝ። ከተወለደ ጀምሮ አእምሮው ዘገምተኛ ነው። ምን ቢያደርግ መልሳችን ይህችው ናት።

ትናንት ቀበሌ ሱቅ፣ ስኳር ሰልፍ ላይ ሰው መታ። ከድር! ዝንብ የማይነካው! አብዮት ጥበቃዎች ክንዱን ጠምዝዘው አመጡት። አጎቴ ጀማል፣ የአባዬ ታናሽ፣ ወዲያው ፈረደ፦ አንዴ ቢደግም ሆስፒታል አስገብቶ ሊያስቆልፍበት ነው። እማዬ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን፣ ደብተሬ ሆይ፣ ቀኑን ሙሉ የመ/ቤት ስልክ ሳገናኝ የምውል ሰው ነኝ፤ ነገር ሳላጣራ አልተኛም። ለምን መታው?

ማክሰኞ 5

ሄጄ አየሁ። ሰልፉ በድንጋይ ነው፤ ሰው ተራውን በድንጋይ ይይዝና ሱቁ እስኪከፈት ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ከድር ሁለት አስቀመጠ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቀይ። በዚያ የእንጦጦ ብርድ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። የተመታው ሰውዬ እንዳለኝ፣ እሑድ ዕለት ቀዩን ገፋ አድርጎ የራሱን ሊያስገባ ሲል ነው ቡጢ የቀመሰው። ቀዩ የማን ነው ብዬ ከድርን ጠየቅኩት። ፈገግ ብሎ አስፋልቱን አሳየኝ። እንዴ! አስፋልቱ ላይ ምን አለ?

ሐሙስ 7

ፈቃድ ወሰድኩ። እማዬ፣ ከድርና እኔ ጤ/ጣቢያ ሄድን። ሲስተር አልማዝ ገና ልጅ ናት፤ ግን አትቸኩልም። እኛን ትታ መጀመሪያ ከድርን ራሱን አናገረችው። ከዚያ ወደ እኛ። ምግብ የተወው ከመቼ ጀምሮ ነው? ከነሐሴ። ነሐሴ ምን ሆነ? አባዬ ሞተ። ለከድር ማን ነገረው?

ማንም አልነገረው።

የቀብሩ ዕለት መገናኛ፣ አክስቴ ቤት ላክነው። ሦስቱንም የሐዘን ቀን እዚያ አቆየነው። ሲመለስ አባዬ አሰብ ሄዷል አልነው። አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር ሁለቱ አብረው ሰልፍ ይወጣሉ። አይገባውም ብለን እኮ ነው! እሱ ግን ሦስት ወር ሙሉ በቀዩ ድንጋይ ለአባዬ ተራ ይዟል። አፈርኩ።

ሲስተር፣ ማሰቡ ቢዘገይ ማዘኑ አይዘገይም አለች። ከዚያ እማዬን፣ እርስዎስ እንቅልፍ ይወስድዎታል? ብላ ጠየቀቻት። እስከ ዛሬ ይህን የጠየቃት የለም። ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። በየሐሙሱ ኑ ተባልን።

ዓርብ 8

ሲስተር በአጭር ቃል፣ ሳትሸፋፍኑ ንገሩት ብላናለች። ነገርኩት። አባዬ ሞቷል፤ አይመጣም። አሰብ፣ አለ ከድር። ደገምኩለት። አሰብ! ብሎ ጮኸ። በዓይኑ ማየት አለበት። መቃብሩ ጋ እንዲወስደው አጎቴን ለመንኩት፤ እዚያም ሊረብሸን ነው ብሎ ተቆጣ። በእኛ ደግሞ ሴት መቃብር አትሄድም። ይሄኔ እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። አንተ ካልወሰድከው እኔው እወስደዋለሁ አለችው። እማዬ! አጎቴ፣ በቃ እሑድ እወስደዋለሁ አለ።

እሑድ 10

አጎቴና ከድር ኮልፌ፣ መቃብሩ ጋ ሄዱ። እማዬና እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ጠበቅን። ከድር አፈሩን ዳሰሰ አሉ። አባዬ እዚህ ነው? አዎ። ከዚያ ኪሱን ገልብጦ ያጠራቀመውን ደረቅ ዳቦ ሁሉ አፈሩ ላይ ደረደረ። ለካ ለአባዬ እያስቀረ ነው! አጎቴ ይህን ሲነግረን አለቀሰ። ስለ ሆስፒታሉ ትንፍሽ አላለም።

ማታ ከድር ሲያለቅስ ቆይቶ ምስር ወጥ በላ። ትንሽ ነው፤ ግን በላ።

ሰኞ 11። ጠዋት

ተከተልኩት። አሁንም ሁለት ድንጋይ! ቀዩም አለ። ክው አልኩ። አልገባውም ማለት ነው? የማን ነው አልኩት። «ያንቺ» አለኝ።

መ/ቤት ረፈደብኝ። ይርፈድ። አልሄድም። ይህን የምጽፈው ከድንጋዬ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ነው። ሱቁ ተከፈተ መሰለኝ፣ ከድር እጄን ይዞ እየጎተተኝ ነው—